የፒክአፕ እግር ድምፅና የዋስትና ቃል

አዲስ ፒክአፕ የገዛ ሰው ጥቂት ሺህ ኪሎ ሜትር ከነዳ በኋላ ከመኪናው ሥር «ኳ» የሚል ድምፅ ሰምቶ ወደ ሻጩ ሲመለስ ሁለት ነገሮችን ይዞ ይመጣል። አንደኛው በጆሮው የሰማው ድምፅ ሲሆን፣ ሁለተኛው በግዢው ዕለት የተቀበለው የዋስትና ወረቀት ነው። ድምፁ የመካኒክ፣ ወረቀቱ የሕግ ጉዳይ ይመስላል። ይሁን እንጂ ሁለቱ የሚገናኙት በአንድ ስፍራ፣ ይኸውም መኪናውን ተቀብሎ በሚመረምረው ባለሙያ ጠረጴዛ ላይ ነው። ባለሙያው ድምፁን ለይቶ ካልጻፈው ወረቀቱ ባዶ ተስፋ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ የሙያ ባልደረቦቻችን በየዕለቱ የሚያጋጥማቸውን ይህን ጉዳይ በታሪኩ በኩል መመርመር ጠቃሚ ሆኖ አግኝተነዋል። ብረቱ ከጩኸት ወደ ዝምታ እንዴት እንደ ተሸጋገረ፣ ሻጩስ ስለ ዕቃው ደኅንነት ቃል መግባት የጀመረው እንዴት እንደ ሆነ ሳይታወቅ የአንድን ድምፅ ክብደት መመዘን ያስቸግራልና።

በጋራዥ ቋንቋ «እግር» የምንለው የተሽከርካሪ ክፍል፣ ይኸውም ጎማውን ከሻንሲው ጋር እያገናኘ የመንገዱን ምት የሚያለዝበው፣ ከሞተር ቀድሞ የተወለደ ነው። በፈረስ የሚሳቡ ሠረገላዎች በ19ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ በእንግሊዝ አገር በተደራረቡ የብረት ቅጠሎች ላይ ተቀምጠው ይሄዱ ነበር። እኛ ይህን ዕቃ «ባሌስትራ» ብለን የምንጠራው ከጣልያንኛ ወርሰን ነው፤ ቃሉ በዚያ ቋንቋ የቀስት መወርወሪያ መሣሪያ ስም ሲሆን፣ ስያሜው የተወጠረውን ቀስት ቅርጽ ያስታውሳል። ሞላ፣ ቦኮላ፣ ኩሽኔታና ግራሶ የሚሉት ቃላትም ከዚያው ምንጭ የተቀዱ ናቸው።

የፎርድ ኩባንያ ከ1908 እስከ 1927 እ.ኤ.አ. የሠራው ሞዴል ቲ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሌላ ካልተባለ በቀር በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ከፊት አንድ፣ ከኋላ አንድ፣ በወርድ የተጋደሙ ባሌስትራዎች ነበሩት። በ1925 ኩባንያው ለዚሁ መኪና የጭነት ሳጥን በፋብሪካ ገጥሞ በ281 ዶላር ለገበያ አቀረበው። በፋብሪካ ተሟልቶ የወጣው የፎርድ ፒክአፕ ታሪክ ከዚህ ይጀምራል። በዚያን ዘመን የባሌስትራው ቅጠሎች እርስ በርሳቸው ሲፋተጉ ይጮኹ ነበር፤ ሆኖም ፍትጊያው ራሱ የመኪናውን መወዛወዝ ስለሚቀንስ እንደ ጥቅም ይቆጠር ነበር እንጂ እንደ ነውር አይታይም ነበር። ቅጠሎቹ ሲዝጉ ባሌስትራው ይደርቃል፤ ግራሶ ሲበዛበት ደግሞ መኪናው ይዘላል። ባለቤቱ ራሱ ዘይት ቀቢ፣ ራሱ ብሎን አጥባቂ ስለ ነበረ፣ ድምፅ ሲሰማ የሚከሰው ሰው አልነበረውም። ድምፁ የግራሶ ጥሪ ነበርና ግራሶ ይሰጠው ነበር።

ይህን ሁኔታ የለወጠው ጎማ ነው። ከ1920ዎቹ ዓመታት ጀምሮ መሐንዲሶች ብረት ከብረት በሚገናኝበት ቦታ በሁለት የብረት ቀለበቶች መካከል የተጣበቀ ጎማ ማስገባት ጀመሩ። በ1931 የክራይስለር ኩባንያ ፕሊመዝ በተባለው መኪናው ሞተሩን በጎማ ላይ አስቀምጦ ንዝረቱ ወደ ሻንሲው እንዳይተላለፍ አደረገ። በ1934 ደግሞ የጄኔራል ሞተርስ መኪናዎች እያንዳንዱ የፊት ጎማ ለብቻው የሚንቀሳቀስበትን እግር ይዘው ወጡ፤ ለዚህ ሥራ መሪ የነበረው ከሮልስ ሮይስ የመጣው እንግሊዛዊው መሐንዲስ ሞሪስ ኦሊ ነው። የፍትጊያውንም ሥራ በዘይት የሚሠራው ሾክ አብዞርበር ቀስ በቀስ ተረከበው። እግሩ እንዲህ ዝም እያለ ሲሄድ የቀረው ጥቂት ድምፅ ትርጉም እያገኘ መጣ። ሁሉም በሚጮኽበት መኪና ላይ አንድ ጩኸት ምንም አይነግርም፤ ዝም ባለ መኪና ላይ ግን አንድ «ኳ» ባለቤቱን ከመንገድ ዳር ያስቆመዋል።

ፒክአፑ ወደዚህ ለስላሳ ዓለም የገባው ዘግይቶ፣ ያውም በግማሽ አካሉ ነው። የሸቭሮሌት ፒክአፖች በ1960 የፊት ጎማዎቻቸው ለየብቻ የሚንቀሳቀሱ ሆኑ፤ ፎርድም በ1965 ሁለት የተለያዩ የፊት ዘንጎች ያሉትን የራሱን ሥርዓት አወጣ። በ1968 የተወለደው ቶዮታ ሃይሉክስ ከፊት እንደ ቤት መኪና ክንዶችና ሞላ፣ ከኋላ እንደ ጭነት መኪና ባሌስትራ ይዞ ቀረበ። ይህ ጥምረት ዛሬም በብዙ ፒክአፖች ላይ ይገኛል። የፊቱ ክፍል የጎማ ቦኮላዎችና ቦል ጆይንቶች ስላሉት ሲያረጅ ወይም ሲላላ «ኳ» ይላል፤ የኋላው ክፍል ደግሞ የቅጠል ፍትጊያ ስላለው «ሲጥ ሲጥ» ይላል። በተጨማሪም የኋላ ባሌስትራው ለሙሉ ጭነት የተሠራ በመሆኑ፣ ሳጥኑ ባዶ ሲሆን መኪናው ይነጥራል፤ ስለዚህ በጭነት ጊዜ የሚጠፋ፣ ባዶ ሲሆን የሚመለስ ድምፅ ይኖራል። የፒክአፕን ድምፅ ከቤት መኪና ድምፅ ይልቅ ለመያዝ የሚያስቸግረው ይህ ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ታሪክ፣ ወደ ዋስትናው እንለፍ። በ1950ዎቹ የአሜሪካ አምራቾች የሚሰጡት ዋስትና ለ90 ቀን ወይም ለ4,000 ማይል ብቻ የሚያገለግል ሲሆን፣ ግዴታውም ጉድለት የተገኘበትን ዕቃ ከመለወጥ አያልፍም ነበር። ወረቀቱ ሌላ ማናቸውንም ኃላፊነት በጥቃቅን ፊደል ይሰርዝ ነበር። በግንቦት ወር 1955 በኒው ጀርሲ አንድ ባል ለሚስቱ አዲስ ፕሊመዝ ገዛ። መኪናው ከተረከቡት ዐሥር ቀን ያህል ቆይቶ፣ 468 ማይል ብቻ እንደ ሄደ፣ ሚስትየዋ በመጠነኛ ፍጥነት ስትነዳ ከፊት ከታች በኩል ከባድ ድምፅ ሰማች፤ አንድ ነገር የተሰነጠቀ መሰላት። ወዲያው መሪው በእጇ ላይ ዞረ፤ መኪናውም ወደ ቀኝ ታጥፎ ከግንብ ጋር ተጋጨ። የመኪናው ፊት ክፉኛ ስለ ተጨፈለቀ የትኛው ዕቃ ጉድለት እንደ ነበረበት ከብረቱ ማወቅ አልተቻለም። የቀረው ማስረጃ ሴትዮዋ ስለ ሰማችውና ስለ ደረሰባት ነገር የሰጠችው ቃል፣ እንዲሁም መኪናውን ያየ የኢንሹራንስ መርማሪ ከመሪው እስከ ፊት ጎማዎቹ ባለው ክፍል አንድ የመካኒካል ብልሽት መድረሱን የመሰከረበት አስተያየት ነበር።

በሕግ መጻሕፍት «ሄኒንግሰን እና ብሉምፊልድ ሞተርስ» በሚል ስም የሚታወቀው ይህ ክርክር በ1960 በኒው ጀርሲ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተወሰነ። ፍርድ ቤቱ አምራቹና ሻጩ በጥቃቅን ፊደል ባሠፈሩት ቃል ከኃላፊነት ሊያመልጡ እንደማይችሉ፣ ዕቃው ለታሰበለት አገልግሎት ብቁ መሆኑን የሚያረጋግጠው ዋስትናም ለገዥው ብቻ ሳይሆን መኪናውን ለምትነዳው ሚስቱም እንደሚደርስ ፈረደ። በአንድ ድምፅ የተጀመረ ነገር የዋስትናን ሕግ አቅጣጫ አስለወጠ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ነገሩ በፍጥነት ተራመደ። ክራይስለር ለ1963 ሞዴሎቹ ሞተርንና የኃይል ማስተላለፊያን በተመለከተ የ5 ዓመት ወይም የ50,000 ማይል ዋስትና ሰጠ። በ1975 የጸደቀው የማግነሰን ሞስ ሕግ በጽሑፍ የሚሰጥ ዋስትና ግልጽ እንዲሆን አስገደደ። በ1982 ደግሞ የኮነቲከት ግዛት አሜሪካውያን «የሎሚ ሕግ» የሚሉትን አወጣ፤ ሎሚ በእነርሱ አነጋገር ጥገና የማይበጀው አዲስ መኪና ነው። በዚህ ሕግ መሠረት አንድ ከባድ ጉድለት አራት ጊዜ ተሞክሮ ካልተወገደ፣ ወይም መኪናው ለጥገና በድምሩ 30 ቀን ከቆመ፣ በቂ ሙከራ እንደ ተደረገ ይገመታል። ልብ እንበል፤ ሙከራው የሚቆጠረው ከጋራዡ የሥራ ወረቀት ነው። ያልተጻፈ ሙከራ አልተደረገም እንደ ማለት ነው።

ለአገራችን አንባቢም ነገሩ እንግዳ አይደለም። የአሜሪካው ፍርድ በተሰጠበት በዚያው ዓመት፣ ማለት በ1952 ዓ.ም. ወጥቶ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሻጭ ለተሸጠው ነገር ጉድለት ዋስ መሆኑን ይደነግጋል፤ ገዥውም ጉድለቱን ባወቀ ጊዜ ሳይዘገይና ምንነቱን ገልጾ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ይጠይቃል። «መኪናዬ ይንኳኳል» ማለት የጉድለትን ምንነት መግለጽ አይደለም። ገዥው የሙያ ቃል ስለሌለው ይህን ክፍተት የሚሞላለት መርማሪው ነው።

እንግዲህ የሙያው ሥርዓት ከዚህ ታሪክ የሚወለድ ነው። የመጀመሪያው ተግባር ከባለቤቱ ጋር አብሮ ነድቶ ድምፁን መስማት ነው፤ በምን ዓይነት መንገድ፣ በምን ፍጥነት፣ ባዶ ወይስ ጭኖ፣ ፍሬን ሲያዝ ወይስ መሪ ሲዞር፣ በጠዋት ብርድ ወይስ ከሞቀ በኋላ እንደሚሰማ መለየት ያስፈልጋል። ድምፅ በሻንሲው ብረት ላይ ስለሚጓዝ ከፊት የተሰማው ከኋላ የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ በየተጠረጠረው ቦታ የሚታሰር የድምፅ መቀበያ ከጆሮ ይልቅ ይታመናል። ቦል ጆይንት ሲፈተሽ ክብደቱ ሊነሣለት ይገባል፤ ሞላው በታችኛው ክንድ ላይ በሚያርፍበት መኪና ክሪኩ ከዚያው ክንድ ሥር ካልገባ የላላው ቦል ጆይንት ጤናማ መስሎ ያልፋል። «ሲጥ» የሚል ቦኮላ ከተጠረጠረ ውሃ ይረጭበታል፤ ድምፁ ለጊዜው ከጠፋ ቦታው ታወቀ። በዘይት መቅባት ግን ሁለት ጥፋት አለው፤ የማዕድን ዘይት የተፈጥሮ ጎማን ያሳብጣል፤ እንዲሁም ምልክቱን ለጥቂት ቀናት ሸፍኖ ባለቤቱን ከዋስትናው ጊዜ ያሳልፈዋል።

ጥገናውም የራሱ ጥንቃቄ አለው። የጎማ ቦኮላ ብሎን መኪናው ተሰቅሎ፣ ጎማዎቹ ተንጠልጥለው ሳለ ከጠበቀ፣ መኪናው መሬት ሲነካ ቦኮላው ተጣምሞ ይቀራል፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላም ይጮኻል፤ ይቀደዳል። በመሆኑም የመጨረሻው ማጥበቅ መኪናው በገዛ ክብደቱ ቆሞ፣ አምራቹ በወሰነው የኃይል መጠን መሆን አለበት። በዚህ ስሕተት የተመለሰ መኪና ሲመጣ የተለወጠው ዕቃ ይታማል እንጂ ያጠበቀው እጅ አይጠየቅም።

ከሁሉም በላይ የሚከብደው ግን «ተሞከረ፤ ድምፅ አልተሰማም» የሚለው አጭር ጽሑፍ ነው። ጽሑፉ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን በአስፋልት ላይ ለአምስት ደቂቃ የተነዳና በኮረኮንች ላይ ለአንድ ሰዓት የተነዳ መኪና በእኩል ቃል ሊመዘገቡ አይገባም። መርማሪው የነዳበትን መንገድ፣ ፍጥነት፣ ጭነትና ርቀት ቢጽፍ፣ ድምፁን ባይሰማ እንኳ ለሚቀጥለው መርማሪ መንገድ ይጠርግለታል፤ ለአምራቹም ለገዥውም ፍትሐዊ ይሆናል። በ1955 ከኒው ጀርሲው መኪና ብረት መልስ ማግኘት ያልተቻለው ብረቱ ስለ ተጨፈለቀ ነው። በየጋራዣችን ቆሞ የሚጠብቀው ፒክአፕ ግን ገና ሙሉ ነው፤ ሊጠየቅ ይችላል፤ መልሱንም ሊጽፍ የሚችለው የእኛ እጅ ነው።