የጎንደር ከተማ የወደፊት የሕዝብ ብዛት፦ ግምቶቹ ለምን ይለያያሉ? ለነዋሪውስ ምን ማለት ናቸው?

ጎንደር ከሃያ ዓመት በኋላ ስንት ነዋሪ ይኖራታል? ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ የውሃ መስመር ስንት ሰው ታስቦ እንደሚዘረጋ፣ አዲስ ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ የት እንደሚሠራ፣ የከተማዋ ወሰን እስከ የትኛው የእርሻ ማሳ እንደሚደርስ ይወስናል። ይሁን እንጂ በባለሙያዎችም ሆነ በነዋሪዎች መካከል የሚጠቀሱት ቁጥሮች በእጅጉ ይለያያሉ። ይህ ጽሑፍ የልዩነቱን ምክንያት ለማስረዳትና ነዋሪዎች ሊያውቋቸው የሚገቡ ጉዳዮችን ለማመልከት የተዘጋጀ ነው።

ሦስቱ ቆጠራዎች የሚያሳዩት

በኢትዮጵያ እስካሁን ሦስት አገር አቀፍ የሕዝብና ቤት ቆጠራዎች ተካሂደዋል። በ1976 ዓ.ም. በተካሄደው የመጀመሪያው ቆጠራ ጎንደር ከ80 ሺህ በላይ ነዋሪዎች ነበሯት። በ1987 ዓ.ም. ቁጥሩ 112,249፣ በ1999 ዓ.ም. ደግሞ 207,044 ደርሷል። ከእነዚህ የ1999 ዓ.ም. ነዋሪዎች መካከል 98,120 ወንዶች ሲሆኑ 108,924 ሴቶች ናቸው።

በሁለተኛውና በሦስተኛው ቆጠራ መካከል የከተማዋ ዓመታዊ ዕድገት ሲሰላ 4.9 በመቶ ያህል ነው። በዚህ ፍጥነት የሚያድግ ሕዝብ በ14 ዓመት ገደማ እጥፍ ይሆናል። በተመሳሳይ ወቅት የአማራ ክልል ሕዝብ ዓመታዊ ዕድገት 1.7 በመቶ፣ የአገሪቱ ደግሞ 2.6 በመቶ እንደነበር ቆጠራው ያመለክታል። ከተማዋ ከክልሉ አማካይ በሦስት እጥፍ ገደማ በሚበልጥ ፍጥነት አድጋለች ማለት ነው።

የክልሉ ውጤት ቀደም ሲል ከተተነበየው በከፍተኛ ደረጃ ማነሱ በወቅቱ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጭምር ጥያቄ አስነስቶ ነበር። በመሆኑም የሕዝብ ቁጥር ክርክር በአካባቢው አዲስ አይደለም።

ከቆጠራው ወዲህ ያለው ክፍተት

የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 103 የሕዝብ ቆጠራ በየአሥር ዓመቱ እንዲካሄድ ይደነግጋል። አራተኛው ቆጠራ በ2010 ዓ.ም. እንዲካሄድ ታቅዶ የነበረ ሲሆን በተደጋጋሚ ከተላለፈ በኋላ፣ በሰኔ ወር 2011 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትና የፌዴሬሽን ምክር ቤት የጋራ ጉባኤ እንዲራዘም ወስኗል።

ስለዚህ ዛሬ ስለ ጎንደር የሚነገረው ማንኛውም የሕዝብ ቁጥር ትንበያ እንጂ የቆጠራ ውጤት አይደለም። የኢትዮጵያ ስታትስቲክስ አገልግሎት የ1999 ዓ.ም. ቆጠራን መነሻ በማድረግ ያወጣቸው ትንበያዎች የከተማዋን ነዋሪ ከ400 ሺህ በላይ ያደርሱታል። ትንበያ የሚሠራው የልደት፣ የሞትና የፍልሰት መጠን በተወሰነ አቅጣጫ ይቀጥላል ተብሎ ነው። መነሻው ቆጠራ በራቀ መጠን የስህተቱ ዕድል እየሰፋ ይሄዳል።

ዕድገቱ ከየት ይመጣል?

የአንድ ከተማ ሕዝብ የሚያድገው በሦስት መንገድ ነው፦ በውልደት፣ በፍልሰትና በአስተዳደር ወሰን መስፋት።

ውልደትን በሚመለከት አዝማሚያው ወደ መቀነስ ነው። በሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች መሠረት በአማራ ክልል አንዲት ሴት በሕይወት ዘመኗ በአማካይ የምትወልዳቸው ልጆች ቁጥር በ1992 ዓ.ም. 5.9 የነበረ ሲሆን፣ በ2008 ዓ.ም. ወደ 3.7 ወርዷል። በዚያው ዓመት የአገሪቱ ከተሞች አማካይ 2.3፣ የገጠሩ 5.2 ነበር። ከዚህ በመነሳት ጎንደርን በፍጥነት የሚያሳድጋት በዋናነት በከተማው ውስጥ የሚወለደው ሕፃን አይደለም ማለት ይቻላል።

የፍልሰትን ኃይል ለመረዳት የዙሪያውን ገጠር ስፋት መመልከት ያስፈልጋል። በ1999 ዓ.ም. የቀድሞው ሰሜን ጎንደር ዞን ሕዝብ 2.9 ሚሊዮን ያህል ሲሆን፣ በከተማ የሚኖረው 16 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር። ከገጠሩ ነዋሪ ከመቶ አንዱ ብቻ ወደ ጎንደር ቢገባ ከ24 ሺህ በላይ ሰው ይሆናል። ይህም በወቅቱ ከነበረው የከተማዋ ሕዝብ 12 በመቶ ያህል ነው። በገጠሩ ዘንድ ትንሽ የሚመስል እንቅስቃሴ ለከተማዋ ትልቅ ነው። (ዞኑ በ2010 ዓ.ም. ሰሜን ጎንደር፣ ማዕከላዊ ጎንደርና ምዕራብ ጎንደር ተብሎ በሦስት ዞኖች ተደራጅቷል።)

ሰዎች ከደጋው የሚነሱባቸው ምክንያቶች ልዩ ልዩ ናቸው። በጃናሞራ፣ በበየዳ፣ በዳባትና በደባርቅ ወረዳዎች ማሳ ከወላጅ ወደ ልጅ በተላለፈ ቁጥር እየጠበበ፣ ተዳፋቱም አፈሩ እየታጠበ ነው። ለአካለ መጠን የደረሰ ወጣት ከውርስ ወይም ከስጦታ ውጭ የእርሻ መሬት የሚያገኝበት ዕድል ጠባብ ነው። ትምህርትም ይስባል፤ በ1947 ዓ.ም. በጤና ባለሙያዎች ማሠልጠኛነት የተጀመረው የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲና ሪፈራል ሆስፒታሉ ከሩቅ አካባቢ ተማሪና ታካሚ ያስመጣሉ። ግጭትም ያፈናቅላል፤ በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ወደ ሰሜን ጎንደር ደጋማ ወረዳዎች በደረሰ ጊዜ በርካታ ቤተሰቦች ቀያቸውን ለቀው ወደ ከተሞች ገብተዋል።

ሦስተኛው ምክንያት ወሰን ነው። አዘዞና ጠዳ ዛሬ በከተማ አስተዳደሩ ሥር ናቸው። የገጠር ቀበሌ ወደ ከተማ ሲካለል ማንም ከቤቱ ሳይነሳ የከተማው ሕዝብ በወረቀት ላይ ይጨምራል። ሁለት ባለሙያዎች ስለ ጎንደር የተለያየ ቁጥር ሲጠቅሱ ብዙ ጊዜ ልዩነቱ የሚመነጨው አንዱ የተሠራበትን የከተማ ክፍል ብቻ፣ ሌላው መላውን የአስተዳደር ወሰን በመያዙ ነው።

ሦስት ስሌቶች

የዕድገት ፍጥነት ልዩነት ምን ያህል ለውጥ እንደሚያመጣ ለማሳየት 400 ሺህ ነዋሪን መነሻ አድርገን ከሃያ ዓመት በኋላ ያለውን እናስላ።

• ዓመታዊ ዕድገቱ 3 በመቶ ቢሆን፦ 722 ሺህ ገደማ
• ዓመታዊ ዕድገቱ 4 በመቶ ቢሆን፦ 876 ሺህ ገደማ
• ዓመታዊ ዕድገቱ 5 በመቶ ቢሆን፦ 1 ሚሊዮን 61 ሺህ ገደማ

እነዚህ ቁጥሮች ለማሳያ የቀረቡ እንጂ ይፋዊ ትንበያ አይደሉም። በዝቅተኛውና በከፍተኛው መካከል ያለው የ339 ሺህ ሰው ልዩነት ግን በ1999 ዓ.ም. ከነበረው መላው የጎንደር ሕዝብ ይበልጣል።

የክርክሩ ነጥቦች

የመጀመሪያው አስተያየት ከተማዋ ለከፍተኛው ቁጥር መዘጋጀት አለባት የሚል ነው። የዚህ ሐሳብ ደጋፊዎች ያልተዘጋጀ ከተማ ሰውን አያስቀርም፤ ሰው ይመጣል፣ ውሃና መንገድ በሌለበት ዳር ቤት ይሠራል፣ በኋላ ማስተካከሉ እጅግ ይከብዳል ይላሉ።

ሁለተኛው አስተያየት ከልክ ያለፈ ትንበያም ጉዳት አለው የሚል ነው። ሊመጣ የሚችልን ሕዝብ አስቦ ሰፊ የእርሻ መሬት ወደ ከተማ ማካለል አርሶ አደሩን ያለጊዜው ከማሳው ያነሳል፤ ለረጅም ጊዜ ሳይለማ የሚቀመጥ መሬትም ይፈጥራል። የከተማዋ ታሪክም ዕድገት ቀጥታ መስመር እንዳልሆነ ያሳያል። ዐፄ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. አካባቢ የቆረቆሯትን ጎንደርን በ1760ዎቹ የጎበኘው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በሰላም ጊዜ አሥር ሺህ ያህል ቤተሰብ እንደሚኖርባት ጽፏል። በ1859 ዓ.ም. በዐፄ ቴዎድሮስ፣ በ1880 ዓ.ም. ደግሞ በደርቡሾች ከተቃጠለች በኋላ ነዋሪዋ እጅግ ተመናምኖ ነበር። ጦርነትና የአስተዳደር ማዕከል መዛወር የሕዝብን ቁጥር ወደ ታች ሊጎትቱ ይችላሉ።

ሦስተኛው አስተያየት ጥያቄው ስለ ጎንደር ብቻ መሆን የለበትም ይላል። ከጎንደር ወደ ሰሜን በሚወስደው መንገድ ላይ ያሉት አምባ ጊዮርጊስ፣ ዳባትና ደባርቅ የሥራና የአገልግሎት ማዕከል ከሆኑ ከደጋው የሚነሳው ሰው ሁሉ ወደ ጎንደር አይወርድም። ደባርቅ የዞን ዋና ከተማ መሆኗና ዩኒቨርሲቲ መከፈቱ ለዚህ አቅም ይሆናል። በ2008 ዓ.ም. በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ይገኝ ከነበረው የግጭ መንደር ከ400 በላይ አባወራዎች ወደ ደባርቅ መዛወራቸው ግን አንድ ትምህርት ይሰጣል፦ አርሶ አደርን ወደ አነስተኛ ከተማ ማስፈር ብቻውን በቂ አይደለም፤ ከቤቱ ጋር መተዳደሪያ ሥራ ሊኖር ይገባል።

ሦስቱም አስተያየቶች በአንድ ነጥብ ይገናኛሉ። የጎንደር የወደፊት ቁጥር የሚወሰነው በከተማዋ ውስጥ ብቻ አይደለም፤ በደጋው በሚሆነው ወይም በማይሆነው ነገር ጭምር ነው።

ውሃ፣ መሬትና ቅርስ

ይህን ግንኙነት በግልጽ የሚያሳየው ውሃ ነው። ከተማዋ ለረጅም ጊዜ በአንገረብ ግድብና በጉድጓዶች ስትጠቀም ቆይታለች። ግድቡ ከላይ ካለው ተፋሰስ በሚታጠብ ደለል የመያዝ አቅሙ ቀንሷል። አፈሩን ያጣው ተዳፋት ሰውን ወደ ከተማ ይልካል፤ የታጠበው አፈርም የከተማዋን ውሃ ይቀንሳል። በመገጭ ወንዝ ላይ እየተገነባ ያለው ግድብ ለመስኖና ለጎንደር የመጠጥ ውሃ እንዲያገለግል የታቀደ ሲሆን፣ ግንባታው ከታቀደለት ጊዜ በእጅጉ ዘግይቷል። የተፋሰስ ልማት ካልታከለበት አዲስ ግድብም ለተመሳሳይ ችግር ይጋለጣል።

በከተማዋ መሀል ደግሞ በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የፋሲል ግቢ አለ። በቅርሶቹ ዙሪያ ከፍታና ጥግግት ያላቸው ሕንፃዎችን እንደልብ መሥራት ስለማይቻል ዕድገቱ ወደ ዳር፣ በተለይም ወደ አዘዞና ጠዳ አቅጣጫ ይገፋል። በመሆኑም የሕዝብ ግምቱ በቀጥታ የሚነካው በከተማው ዙሪያ ያለውን አርሶ አደር ነው።

ነዋሪዎች ሊያውቋቸው የሚገቡ ጉዳዮች

ቆጠራ በሌለበት ጊዜ የአንድን ቀበሌ ሕዝብ ለማወቅ የሚረዳው ዋና ማስረጃ የነዋሪዎች ምዝገባ ነው። ያልተመዘገበ ሰው ትምህርት ቤትም ሆነ የውሃ ቦኖ ሲታቀድ በስሌቱ ውስጥ ላይገባ ይችላል።

1. ወሳኝ ኩነትን ያስመዝግቡ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ከሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ጀምሮ በአገር አቀፍ ደረጃ ይሰጣል። ልደት በ90 ቀናት፣ ሞት፣ ጋብቻና ፍቺ በ30 ቀናት ውስጥ በቀበሌው የምዝገባ ጽሕፈት ቤት መመዝገብ አለባቸው።

2. መኖሪያ ሲቀይሩ መሸኛ ይያዙ። ከነበሩበት ቀበሌ መሸኛ አውጥተው በሚኖሩበት ቀበሌ ሲመዘገቡ አንድ ሰው በሁለት ቦታ እንዳይቆጠር ወይም በሁለቱም ቦታ እንዳይቀር ይረዳሉ።

3. የፋይዳ መታወቂያና የነዋሪነት መታወቂያ የተለያዩ መሆናቸውን ይወቁ። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተቋቋመው የዲጂታል መታወቂያ ማንነትን ያረጋግጣል፤ የቀበሌ ነዋሪነትን ግን አይተካም።

4. በከተማ ፕላን ውይይት ይሳተፉ። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 በፕላን ዝግጅት የሕዝብን ተሳትፎ መርህ ያደርጋል። በውይይቱ ላይ ሦስት ነገሮችን መጠየቅ ይጠቅማል፦ ፕላኑ የተሠራው ለስንት ሕዝብ ነው? ቁጥሩ የትኛውን ወሰን ይመለከታል? ግምቱ ከተሳሳተ የሚከለሰው መቼ ነው?

5. በከተማ ዙሪያ መሬት ያላችሁ አርሶ አደሮች የይዞታ ማረጋገጫ ደብተራችሁን በጥንቃቄ ያዙ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40(8) መሠረት መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም የግል ንብረትን ሲወስድ ተመጣጣኝ ካሳ በቅድሚያ መክፈል አለበት። በካሳው መጠን ቅሬታ ያለው ሰው ለአቤቱታ ሰሚው አካል የማመልከት መብት አለው።