ልጅ አስተኝቶ ጉሮሮ ማየት

ፊላደልፊያ ከተማ ውስጥ ሙተር የሚባል የሕክምና ሙዚየም አለ። እዚያ ያለው ቁምሳጥን መሳቢያው ሲከፈት ቁልፍ፣ ሳንቲም፣ መርፌ ቁልፍ፣ አጥንት፣ ጥቃቅን መጫወቻ ተደርድሮ ይታያል። በጠቅላላው 2,374 ናቸው። ሁሉም ከሰው ጉሮሮ፣ ከምግብና ከአየር ቧንቧ የወጡ ናቸው፤ ስብስቡም የቼቫሊየር ጃክሰን የሚባል ሐኪም ነው።

እኔ እዚያ የቆምኩት ልጄ ለምርመራ በተቀጠረች ሳምንት ነበር። ስትተኛ ትንፋሿ ያፏጫል፤ ሐኪሟ «አስተኝተን በካሜራ እንየው» ብለውኛል። ስለዚህ ከዕቃዎቹ ይልቅ አንድ ጥያቄ ያዘኝ፦ እነዚያ ሕፃናት በምን ተኙ?

አብዛኞቹ አልተኙም። ጃክሰን ልጁን በአንሶላ ጠቅልሎ፣ ረዳቱ ጭንቅላቱን አጥብቆ ይዞለት፣ ያለ ማደንዘዣ የብረት ቱቦውን ይሰድ ነበር። ጨካኝ ስለሆነ እንዳይመስላችሁ። ያኔ የነበረው ኤተርና ክሎሮፎርም ነው፤ ትንፋሹ የጠበበ ልጅ በዚያው ሊቀር ይችላል። የሚያለቅስ ልጅ ግን ይተነፍሳል፣ ይስላል። ኮኬይንም ነበር፤ ጀርመናዊው ጉስታቭ ኪሊያን በ1897 (የምቆጥረው በፈረንጆቹ ነው) ከአንድ ገበሬ የአየር ቧንቧ የአሳማ አጥንት ያወጣው በኮኬይን አደንዝዞ ነው። ለሕፃን ግን መጠኑ በቀላሉ መርዝ ይሆናል።

የዚህ ሥራ ክፋቱ፣ ሐኪሙ የሚያይበትና ልጁ የሚተነፍስበት መንገድ አንድ መሆኑ ነው። መድኃኒቱ ከበዛ ትንፋሽ ይቆማል፤ ካነሰ ደግሞ ቱቦው ሲነካው ማንቁርቱ ድርግም ብሎ ይዘጋል።

ኬታሚን በ1962 ተሠራ፤ በ1964 መጀመሪያ የተሞከረው ሚሺጋን ውስጥ በእስረኞች ላይ ነው። (ይሄን ሳነብ ደስ አላለኝም።) ትንፋሽን ብዙም አይነካም፣ ሕመም ይቆርጣል፤ አገር ቤትም ሆነ ሌላ፣ መሣሪያ በሚያጥርበት ሁሉ ባለውለታ ነው። ጉሮሮ ለማየት ግን ምራቅ ማብዛቱ ያስቸግራል። ወተት የሚመስለው ፕሮፖፎል በ1986 ብሪታንያ ውስጥ ሥራ ላይ ዋለ። ቶሎ ያስተኛል፣ ቶሎ ይለቃል፣ ማንቁርትንም ያረጋጋል። ግን ትንፋሽን ይጫናል፤ ደግሞም የጉሮሮን ጡንቻ ስለሚያላላ በእንቅልፍ ጊዜ የሌለ መጥበብ ሊያሳይ ይችላል። እኔን ያስደነገጠኝ ይሄ ነው፦ መድኃኒቱ ራሱ በሽታ መስሎ ሊታይ! ዴክስሜዴቶሚዲን አሜሪካ ውስጥ በ1999 ለአዋቂዎች ተፈቀደ። ለተፈጥሮ እንቅልፍ የቀረበ ነው፤ ትንፋሽን አይጫንም ማለት ይቻላል። የልብ ምት ግን ይቀንሳል፣ ይዘገያል፣ ቱቦ ለመቋቋምም ብዙ ጊዜ ብቻውን አይበቃም።

ለማደንዘዣ ሐኪሟ «የቱ ይሻላል?» አልኳቸው።

«ምን ማየት እንደምንፈልግ ነው ወሳኙ» አሉኝ። «የልጅዎ ችግር የሚመጣው በእንቅልፍ ነው። ስለዚህ እንቅልፍ የሚመስለውን እንሰጣታለን፤ ፕሮፖፎሉ ካስፈለገ ትንሽ ትንሽ ይጨመራል።»

ጠዋት ጭኔ ላይ እያለች ዓይኗ ከደን አለ። ነርሷ ስትወስዳት ደረቷ ከፍ ዝቅ ሲል አየሁት፤ በሩ እስኪዘጋ ዓይኔን አልነቀልኩም። ስትመለስ ድምፅዋ ሻክሮ ነበር፤ ውሃ ጠየቀችኝ።