ከ«ሠሪ» እስከ «ሰርሳሪ»፦ ስለ ኤሌክትሮኒክስ ነካኪዎች ስያሜ ታሪክ

በአያት፣ እንደ ሌላውም የአዲስ አበባ ሰፈር፣ የሱቁ ማስታወቂያ «የሞባይል ጥገና» ይላል፤ ደንበኛው ግን «ሞባይል ሠሪ ዘንድ ሄድሁ» ነው የሚለው። ከዚህ በፊት ሰዓት ሠሪና ሬዲዮ ሠሪ ነበሩ። «ሠራ» የሚለው ግስ አዲስ ነገር ማበጀትንና የተበላሸውን ማዳንን በአንድነት ይይዛል፤ «ሰዓቴን አሠራሁት» የሚልን ሰው አዲስ ሰዓት አስፈበረከ ብለን አንረዳውም። ይህ ነጥብ ለተርጓሚ ቀላል አይደለም። የተጣለ ሬዲዮ ፈትቶ ከዕቃዎቹ የድምፅ ማጉያ የሚያበጅ ወጣት ጠጋኝም ፋብሪካም አይደለም፤ «ሠሪ» ግን ያለ ጭንቀት ያቅፈዋል።

ከስሙ ይልቅ ግሱ ይበልጥ የበለጸገ ነው። አማርኛ የግሱን ሥር ፊደል በመድገም ደጋግሞና እዚህም እዚያም የሚደረግን ድርጊት ይገልጻል፦ ፈታ፣ ፈታታ፤ ነካ፣ ነካካ፤ ገጠመ፣ ገጣጠመ፤ ቀጠለ፣ ቀጣጠለ። ንድፍ ሳይኖረው ዕቃ የሚበትንና መልሶ የሚያገናኝ ሰው የሚሠራውን ከእነዚህ በተሻለ የሚናገር ቃል በሌላ ቋንቋ መፈለግ አያስፈልገንም። መሣሪያዎቹ በአመዛኙ ከጣሊያንኛ መጥተው በየጋራዡ የተለመዱ ናቸው፤ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ብሎን፣ ኮረንቲ ማንም ኮሚቴ ሳያጸድቃቸው ጸንተዋል። «የባትሪ ድንጋይ» ደግሞ የሕዝብ ፈጠራ ነው፤ የእጅ መብራቱ «ባትሪ» ስለ ተባለ ኃይል ሰጪው ሌላ ስም አስፈልጎታል።

ችግሩ የመጣው «ሃከር» የሚለው ቃል ሲተረጎም ነው። ቃሉ በዚህ አገባቡ ቀደም ብሎ ተጽፎ የሚገኘው በአሜሪካ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተማሪዎች ባቋቋሙት የአሻንጉሊት ባቡር ክበብ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1955 የተያዘ የክበቡ ቃለ ጉባኤ የኤሌክትሪክ መስመሩን የሚነካካ ሁሉ ፊውዝ እንዳይቃጠል አስቀድሞ ኃይሉን እንዲያጠፋ ያሳስባል። በዚያ ስርቆት የለም፤ ያለው ሽቦ ነው። የእኛ ጋዜጦች ግን ቃሉን ያገኙት ከወንጀል ዜና ጋር ስለሆነ «የመረጃ መንታፊ»፣ «ሰርሳሪ»፣ «ሰርጎ ገብ» ብለው ተረጎሙት። ለወንጀለኛው ትርጉሙ ትክክል ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የተነገረው የወንጪና የወለንጪቲ ወሬ ግን የዚህን አተረጓጎም ወሰን ያሳያል። «ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ላፕቶፕ» የተባለው ድርጅት በሁለት መንደሮች ታብሌቶችን ያለ አስተማሪ ሰጠ፤ መሥራቹ ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ እንዳሉት ልጆቹ በአምስት ወር ገደማ ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ አስከፈቱት፤ በእንግሊዝኛውም «ሃክ» አደረጉ ተባለ። እነዚህን ልጆች ሰርሳሪ ማለት እንዴት ይቻላል?

ነገሩ ለአገራችን አዲስ አይደለም። በግዕዝ «ጠቢብ» ዐዋቂም የእጅ ባለሙያም ነው፤ ከዚሁ ጋር የሚዛመደው «ጠይብ» ግን ቀጥቃጩን ከቡዳ ጋር የሚያስተባብር ስድብ ሆነ። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጆች በሙያቸው እንዳይሰደቡ ዐዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል። ዐዋጅ ግን የቃልን ፍች ቶሎ አይለውጥም፤ ፍችውን የሚለውጠው የጸሐፊና የተርጓሚ ልማድ ነው። ብረት ቀጥቃጩን ያጠቃው ስም አሁን ሽቦ በያጁ ላይ በሌላ በር እየገባ ነው።

ስለዚህ ስለ ጥፋት ሲነገር «ሰርሳሪ» ይቆይ፤ ስለ ሥራው ሲነገር ግን «ነካካ»ና «ገጣጠመ» ይበቃሉ እንላለን። «ገጣጣሚ» የሥራውን ግማሽ ብቻ ይሸፍናል፤ የመኪና ፋብሪካውም ስለወሰደው ይጠብባል። «ነካኪ» ጥቂት የወቀሳ ቃና አለው፤ ቢሆንም የስርቆት ክስ አያሸክምም፤ እኛም በርእሳችን ያዋልነው በዚህ ምክንያት ነው። ቃል በቃል መተርጎም ደግሞ ሌላ ወጥመድ ነው። ዕቃዎች ሳይበየዱ የሚሰኩበትን ሰሌዳ «የዳቦ ሰሌዳ» ያሉ አሉ፤ የድሮ የሬዲዮ ወዳጆች ዕቃቸውን በዳቦ መቁረጫ ጣውላ ላይ ይቸነክሩ ስለነበር ለእንግሊዝኛው ስሙ ትዝታ አለው። ለአማርኛ አንባቢ ግን ረኀብ ብቻ ነው። «የሙከራ ሰሌዳ» ቢባል ሥራውን ይናገራል።