ከባርነት ማግስት፦ የአሜሪካ ‘መልሶ ግንባታ’ ምን ገነባ? ለምንስ ፈረሰ?

ከ1861 እስከ 1865 የተካሄደው የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ከ600 ሺህ በላይ ሰዎችን ሕይወት ቀጥፎ ሲያበቃ፣ በአገሪቱ በባርነት ይገዙ የነበሩ አራት ሚሊዮን ገደማ ሰዎች ነፃ ወጡ። እስከ 1877 የዘለቀው ቀጣዩ ምዕራፍ ‘ሪኮንስትራክሽን’ ወይም የመልሶ ግንባታ ዘመን ይባላል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፈተናው የተቃጠሉ ከተሞችንና የተነቀሉ የባቡር ሐዲዶችን መጠገን ብቻ አልነበረም። ትናንት እንደ ዕቃ ሲሸጥ የነበረ ሰው ከቀድሞ ጌታው ጋር እኩል ዜጋ ሆኖ እንዴት ይኖራል? የሚለው ጥያቄም መልስ ይሻ ነበር።

የመሬት ጥያቄ

በጥር 1865 ጄኔራል ዊሊያም ሸርማን በሳውዝ ካሮላይና፣ በጆርጂያና በፍሎሪዳ የባሕር ጠረፍ የሚገኝ መሬት እየተሸነሸነ፣ ነፃ ለወጡ ቤተሰቦች እስከ 40 ኤከር (16 ሄክታር ገደማ) እንዲሰጥ አዘዙ። 40 ሺህ ያህል ሰዎችም ሰፈሩበት። ይሁን እንጂ ፕሬዝዳንት አብርሃም ሊንከን በሚያዝያ ተገደሉ። የተኳቸው አንድሩ ጆንሰን በዚያው ዓመት አብዛኛው መሬት ለቀድሞ ባለቤቶቹ እንዲመለስ አደረጉ።

መሬት አልባ የሆኑት ብዙዎቹ ገበሬዎች የነጮችን እርሻ በእኩል የሚያርሱ ጭሰኞች ሆኑ። ዘርና ቀለብ በብድር እየወሰዱ፣ በመኸር ወቅት ከምርቱ ሲከፍሉ፣ ከዓመት ዓመት በዕዳ ተተበተቡ።

ሦስቱ ማሻሻያዎች

በሕግ ረገድ የተገኘው ለውጥ ግን ታላቅ ነበር። በ1865 የጸደቀው 13ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ፣ ለወንጀል ቅጣት ካልሆነ በስተቀር፣ ባርነትን ከለከለ። 14ኛው (1868) በአገሪቱ ለተወለዱ ዜግነትንና በሕግ ፊት እኩልነትን አረጋገጠ። 15ኛው (1870) በዘር ወይም በቀለም ምክንያት የመምረጥ መብትን መንፈግ ከለከለ፤ ሴቶች ግን ገና መራጭ አልነበሩም።

ኮንግረስ በ1867 ባወጣው ሕግ 10 የደቡብ ግዛቶችን በወታደራዊ አስተዳደር ሥር አድርጎ ጥቁር ወንዶች እንዲመርጡ አደረገ። በዘመኑ 2,000 ያህል ጥቁር አሜሪካውያን በልዩ ልዩ የመንግሥት ኃላፊነቶች አገለገሉ። ሃይረም ሬቭልስ በ1870 ሚሲሲፒን ወክለው የመጀመሪያው ጥቁር ሴናተር ሆኑ። በደቡብ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ተስፋፉ፤ በዋሽንግተን ሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተመሠረተ።

ጥበቃው ሲነሳ

ኩ ክለክስ ክላንን የመሰሉ የታጠቁ ቡድኖች መራጮችንና መምህራንን በግድያና በግርፋት ያሸብሩ ጀመር። ፕሬዝዳንት ዩሊሲስ ግራንት በ1871 በወጣ ሕግ ጦር አዝምተው ክላንን ቢሰብሩትም፣ ጥቃቱ በሌሎች ቡድኖች እጅ ቀጠለ። በ1873 በሉዊዚያና፣ ኮልፋክስ ከተማ በርካታ ጥቁሮች ተጨፈጨፉ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1876፣ 14ኛው ማሻሻያ የሚገድበው ግዛቶችን እንጂ ግለሰቦችን አይደለም በማለት በጭፍጨፋው የተወነጀሉትን ነፃ የሚያወጣ ውሳኔ አሳለፈ።

ያወዛገበውን የ1876 ምርጫ ተከትሎ በተደረሰ ስምምነት ራዘርፎርድ ሄይስ ፕሬዝዳንት ሆኑ፤ በ1877ም የደቡብ መንግሥታትን ይጠብቁ የነበሩት የመጨረሻዎቹ የፌዴራል ወታደሮች ወደ ሰፈራቸው ተመለሱ። ማሻሻያዎቹ አልተሻሩም፤ የሚያስከብራቸው ግን ጠፋ። ግዛቶቹ በድምፅ መስጫ ግብርና በንባብ ፈተና መራጮችን አገዱ። በሉዊዚያና በ1896 ከ130 ሺህ በላይ የነበሩት የተመዘገቡ ጥቁር መራጮች በ1904 ወደ 1,342 አሽቆለቆሉ።

የዘመኑ ቅርስ

የተነፈጉት መብቶች ዳግም በሕግ የተከበሩት በ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግና በ1965ቱ የምርጫ መብት ሕግ ነበር። ለእነዚህ ሕጎች መሠረት የሆኑት ማሻሻያዎች የምሥራቅ አፍሪካ ስደተኞችንም ይመለከታሉ፤ ከኢትዮጵያ፣ ከኤርትራ ወይም ከሶማሊያ በሄዱ ወላጆች አሜሪካ ውስጥ የሚወለዱ ልጆች የዜግነት መብት የሚመነጨው በ1868 ከጸደቀው 14ኛው ማሻሻያ ነው።

የመልሶ ግንባታው ዘመን የሕግ ድል ምን ያህል ሩቅ እንደሚያደርስ አሳይቷል። መሬት የሌለው፣ ከታጣቂ የሚከላከልለት ያጣ ዜጋ ግን በወረቀት የተጻፈለትን መብት ብቻውን ሊያስከብር አልቻለም።