የሕፃናት ካንሰር ሕክምና በጎንደር

የሕፃናት ካንሰር ሕክምና በጎንደር ከተማ የሚሰጠው በጎንደር ዩኒቨርሲቲ አጠቃላይ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ነው። ሆስፒታሉ ከከተማው ሌላ ከዳባት፣ ከደባርቅና ከስሜን ተራሮች ዙሪያ የሚላኩ ልጆችን ይቀበላል። በኢትዮጵያ የሕፃናት ካንሰር ስፔሻሊስቶችን ማሠልጠን የተጀመረው በ2000ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ሲሆን፣ ይህም ከጎንደር በመኪና ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል።

በአገሪቱ ልጆች ላይ በብዛት ከሚታዩት መካከል የደም ካንሰር (ሉኪሚያ)፣ ሊምፎማ፣ ዊልምስ የተባለው የኩላሊት ዕጢ እና ሬቲኖብላስቶማ የተባለው የዓይን ካንሰር ይገኛሉ። በበለጸጉ አገሮች ካንሰር ከያዛቸው ልጆች ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት ይድናሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ዕቅድ በ2030 በመላው ዓለም ቢያንስ 60 በመቶ እንዲደርስ ግብ አስቀምጧል።

የመድኃኒት መጠን ጥናት

ልዩነቱን የሚያመጣው የመድኃኒት እጥረት ብቻ አይደለም። የዊልምስ ዕጢ ጥሩ ምሳሌ ነው። ልጁ ዘግይቶ፣ ዕጢው ሆዱን ሞልቶ ሲመጣ በቅድሚያ ቪንክሪስቲንና አክቲኖማይሲን ይሰጠዋል፤ ዕጢው ሲያንስ በቀዶ ሕክምና ጊዜ የመፈንዳቱ አደጋ ይቀንሳል። ይሁን እንጂ በማላዊ የተደረገ ጥናት በምግብ እጥረት የተጎዱ ልጆች ቪንክሪስቲንን ከሰውነታቸው ቀስ ብለው እንደሚያስወግዱ አሳይቷል። በአውሮፓ ልጅ የተለካ መጠን ለእነርሱ ሊበዛባቸው ይችላል ማለት ነው፤ ስለዚህ ለእንደነዚህ ያሉ ልጆች መጠኑ እንዲቀነስ ይመከራል። የልጆች መቀንጨር በስፋት ለሚታይበት የሰሜን ጎንደር ደጋ ይህ ግኝት ከብዙ አዳዲስ መድኃኒቶች የበለጠ ቅርብ ነው።

መድኃኒት መቀነስ ሁልጊዜ የድህነት ምርጫ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 ውጤቱ የታተመ፣ በአውሮፓ የተመራ ሙከራ ልብን ሊጎዳ የሚችለውን ዶክሶሩቢሲን ከተወሰኑ የዊልምስ ታማሚዎች ሕክምና ማስቀረት በሕይወት የመቆየት ዕድላቸውን እንደማይቀንስ አረጋግጧል።

ሕክምና ማቋረጥ

የሉኪሚያ ሕክምና ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ይፈጃል። ከደጋ ለመጣ ገበሬ ይህ የትራንስፖርት፣ የማደሪያና የታጎለ እርሻ ወጪ ነው፤ ልጁ የተሻለው ሲመስልም ወላጆች ሕክምናውን ያቋርጣሉ። በአዲስ አበባ ካንሰር የያዛቸው ልጆች ወላጆች ያቋቋሟቸው እንደ ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ያሉ ማኅበራት ለታማሚዎች ድጋፍ ያደርጋሉ።

ኬሞቴራፒ የነጭ የደም ሴሎችን ቁጥር ስለሚያሳንስ፣ በዚህ ጊዜ የሚነሳ ትኩሳት በአስቸኳይ አንቲባዮቲክ ያስፈልገዋል። ደባርቅ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ከዚያ ወዲያ ባሉ ቀበሌዎች የሚኖር ልጅ ማታ ቢያተኩሰው ሆስፒታል የሚደርሰው በማግስቱ ሊሆን ይችላል፤ ሐኪሙም የመድኃኒቱን ጥንካሬ ሲወስን ይህን መንገድ አብሮ ያሰላል።