ቃልና ምስክር፦ የትምህርት ሐቀኝነት በደብረ ታቦርና በጋይንት ደጋ

የትምህርት ሐቀኝነት ሲባል ተማሪ ያወቀውንና የሠራውን ብቻ የራሴ ብሎ ማቅረቡን፣ ከሌላ የወሰደውንም ለባለቤቱ መስጠቱን የሚመለከት ጉዳይ ሲሆን፣ በዛሬዎቹ ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች በመተዳደሪያ ደንብ፣ በፈታኝ ጥበቃና በቅጣት የሚጠበቅ ነው። ጉዳዩ ግን ከኮምፒውተርና ከእጅ ስልክ ጋር አብሮ የተወለደ አይደለም። ከጉና ተራራ አቅራቢያ ከምትገኘው ከደብረ ታቦር አንሥቶ እስከ እስቴና እስከ ጋይንት በተዘረጋው የደቡብ ጎንደር ደጋ፣ የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ቤቶች፣ ማለትም አንድ መምህር ወንበር ዘርግቶ ተማሪዎች በዙሪያው ጎጆ ቀልሰው የሚማሩባቸው ሥፍራዎች፣ ይኸንኑ ጥያቄ ለብዙ መቶ ዓመታት በራሳቸው መንገድ ሲመልሱ ኖረዋል። የእነዚህ ቤቶች ታሪክ በቅርብ ሲመረመር፣ ሐቀኝነቱ በተማሪው ኅሊና ላይ ብቻ ተጥሎ የቀረ ሳይሆን ዕውቀቱ በሚተላለፍበትና በሚፈተንበት ሥርዓት ውስጥ አብሮ የተሠራ እንደ ነበር ይታያል።

ከቤቶቹ ሁሉ ስሟ የገነነው በጋይንት የምትገኘው ቤተልሔም ናት፤ እርሷም የድጓ ምስክር ቤት ትባላለች። ድጓ በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረው ቅዱስ ያሬድ እንደ ደረሰው የሚታመን፣ የዓመቱን በዓላትና ሰንበታት ዜማ አካቶ የያዘ ታላቅ መጽሐፍ ሲሆን፣ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ በተባሉ ሦስት ስልቶች ይዜማል። ተማሪ ድጓን ጎጃምም ሆነ ወሎ፣ ሸዋም ሆነ ትግራይ ከሚገኝ መምህር ዘንድ ዓመታት ፈጅቶ ሊማረው ይችላል፤ በሙሉ አፍ የድጓ መምህር ተብሎ ወንበር ለመዘርጋት ግን አኮፋዳውን አንግቶ፣ ደበሎውን ለብሶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየመንደሩ የዕለት ጉርሱን እየለመነ ወደ ቤተልሔም መውጣትና ማስመስከር ይጠበቅበት ነበር። ማስመስከር ማለት የተማሩትን በምስክር ቤቱ መምህር ፊት እያዜሙ አሰምቶ፣ የተዛባው ታርሞ፣ የጎደለው ተሞልቶ፣ «ዐውቋል» የሚል ቃል ማግኘት ነው። በዚያው በጋይንት ያለችው ዙር አምባም የዝማሬና የመዋሥዕት፣ ይኸውም ከቁርባን በኋላ የሚዘመረውና ለሙታን ጸሎት የሚደርሰው ዜማ፣ ምስክር ቤት ሆና ኖራለች። አንድ አውራጃ ሁለት ምስክር ቤቶችን ማቀፉ የአካባቢውን የሊቅነት ማዕርግ ያሳያል።

እዚህ ላይ «ምስክር» የሚለውን ቃል ቆም ብሎ ማየት ይገባል። በአገሬው የፍርድ ልማድ ምስክር በዓይኑ ያየውንና በጆሮው የሰማውን ብቻ የሚናገር ሰው ነው፤ ወሬ ነጋሪ ምስክር አይሆንም። የቤተልሔም መምህርም የሚመሰክሩት ራሳቸው ለሰሙት ዜማ ነበር። ተማሪው ከየት እንደ መጣ፣ ከማን እንደ ተማረ መጠየቁ ባይቀርም፣ የማንም ደብዳቤ አፉን ሊተካለት አይችልም ነበር። ዘመናዊው ትምህርት ሲመጣ «ሰርተፍኬት» የሚባለውን ነገር አማርኛ «የምስክር ወረቀት» ብሎ ተረጎመው፤ ቃሉ ሳይለወጥ መስካሪው ከሰው ወደ ወረቀት ተዛወረ። ዛሬ «ሐሰተኛ የትምህርት ማስረጃ» የሚባለው ችግር ሊፈጠር የቻለው በዚህ ዝውውር ምክንያት ነው፤ ወረቀት የማያውቀውንም ይመሰክራልና።

ቤተልሔም ለምስክርነት የተመረጠችበትን ምክንያት የቤተ ክርስቲያን ትውፊት ከኢማም አሕመድ ጦርነት (እ.ኤ.አ. 1529–1543) ጋር ያያይዘዋል። በዚያ ዘመን አብያተ ክርስቲያናትና መጻሕፍት ሲቃጠሉ የድጓው መጽሐፍ ከነዜማው ተርፎ የተገኘው በቤተልሔም ነው ይባላል። ጦርነቱ ካበቃ በኋላ፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት (እ.ኤ.አ. 1540–1559)፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የተባሉ ሊቃውንት የዜማውን ምልክቶች እንደ ሠሩለት ይነገራል። ምልክት የሚባሉት በግዕዙ ቃል ላይ የሚጻፉ ጥቃቅን ፊደላትና ጭረቶች ሲሆኑ፣ ድምፁ የት እንደሚወጣ፣ የት እንደሚወርድ፣ የት እንደሚርገበገብ ያመለክታሉ፤ ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ሂደትና ቁርጥ በመባል ይታወቃሉ። ይህ በዘመኑ ሚዛን ትልቅ ቴክኖሎጂ ነበር። ለጆሮና ለአንደበት ብቻ የተተወውን ነገር በቀለምና በብራና ላይ ማስፈር ችሏልና፣ ተማሪው መምህሩን ትቶ ከመጽሐፉ ብቻ ሊማር ይችል ነበር ብሎ መገመት አይከብድም። የሆነው ግን ሌላ ነው፤ መጽሐፉ ምልክት ከተጻፈበት በኋላም ማስመስከሩ አልቀረም። ምልክቱ ለሚያውቅ ሰው ማስታወሻ እንጂ ለማያውቅ ሰው ምትክ አልሆነም።

ከዚሁ ጋር የሚሄደው የመገልበጥ ጉዳይ ነው። የዜማ ተማሪ የሚማርበትን ድጓ ብዙ ጊዜ ከመምህሩ መጽሐፍ ራሱ ይገለብጥ ነበር፤ ብራና ዳምጦ፣ ቀለም በጥብጦ፣ ቃሉን በጥቁርና በቀይ፣ ምልክቱን ከላዩ በደቃቅ ጽሕፈት ያሰፍር ነበር። በዚህ ሥራ አንዲት ፊደል መጨመር ወይም መቀነስ ድፍረት ነበር፤ የተማሪው ክብር በትክክል በመገልበጡ ይለካ ነበር። «ገለበጠ» የሚለው ይኸው ግስ ዛሬ በፈተና አዳራሽ የጎረቤቱን መልስ ለሚሰርቅ ተማሪ ያገለግላል። የቃሉ ዕጣ የሚያስገርም ቢሆንም፣ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ግልጽ ነው፤ የድጓው ተማሪ የገለበጠው የቅዱስ ያሬድ መሆኑን እርሱም መምህሩም ያውቃሉ፣ ከገለበጠ በኋላም መጽሐፉን ወደ ልቡ ለማስገባት ገና ዓመታት ይጠብቁታል።

ከዜማ ቤት ወደ ቅኔ ቤት ሲታለፍ ሕጉ ይገለበጣል። ቅኔ በግዕዝ የሚደረስ፣ ሰምና ወርቅ ያለው፣ በመስመሩ ብዛትና በዜማው ልክ ከሁለት መስመሩ ጉባኤ ቃና እስከ ስምንት መስመሩ መወድስ ድረስ በየስሙ የሚከፈል ድርሰት ነው። ድጓ እንዳይለወጥ የሚጠበቀውን ያህል ቅኔ እንዳይደገም ይጠበቃል፤ ለአንድ በዓል የተነገረ ቅኔ ለሌላ በዓል ተመልሶ አይቀርብም፣ የሌላውን ቅኔ የራሱ አስመስሎ የሚያሰማ ተማሪም በጓደኞቹ ዘንድ መሳቂያ ይሆናል። ተማሪው ሌሊት በጎጆው ተጋድሞ ወይም ገለል ባለ ሥፍራ ተቀምጦ ቅኔውን «ይቆጥራል»፣ ማለትም በኅሊናው ያዘጋጃል፤ ከዚያም በመምህሩ ፊት «ይነግራል»፤ የኔታም ሰዋስውን፣ የዜማውን ልክና ምሥጢሩን መርምረው ያቃኑለታል። ቅኔው ከተማሪው ወይም ከሌላ ሰው መውጣቱን ለማወቅ የኔታ ብዙ ድካም አያስፈልጋቸውም፤ «ይህን ቃል ለምን እዚህ አገባኸው?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል። በዚህ ትምህርት ዓለም ሰው ሳይዘጋጅ ቅኔን ከአንደበቱ ሲያፈስ «ዘረፈ» መባሉ ለውጭ ሰው ግራ ሊያጋባ ይችላል፤ የቅኔ ዘራፊ ግን ከማንም ያልወሰደ፣ የገዛ ልቡን በዝብዞ ለጉባኤው የሰጠ ሰው ነው።

አዲስ ነገር ለማን ይቆጠር በሚለው ጥያቄ ላይ የአካባቢው ታሪክ አንድ ውብ ምሳሌ አቆይቷል። በቀልዳቸው በሕዝብ አፍ ሲወሱ የሚኖሩት አለቃ ገብረ ሐና የፎገራ ናበጋ ጊዮርጊስ ሰው ነበሩ። ታላቅ የአቋቋም ሊቅ እንደ ነበሩና፣ የጣናን ማዕበል ሲመላለስ አይተው አዲስ የአቋቋም ስልት እንዳወጡ ይተረካል፤ አቋቋም ማለት ካህናት መቋሚያ፣ ጸናጽልና ከበሮ ይዘው በዜማ የሚያሸበሽቡበት ሥርዓት ነው። የጎንደር ሊቃውንት አዲሱን ስልት አንቀበልም ቢሏቸው ለልጃቸው ለተክሌ አስተማሩት፤ ተክሌም በደብረ ታቦር ወንበር ዘርግቶ አስፋፋው፤ ስልቱም እስከ ዛሬ «የተክሌ አቋቋም» ይባላል። ሁለት ነገሮች ከዚህ ይታያሉ። የመጀመሪያው፣ ሊቃውንቱ አንድን ነገር አዲስ ነው ብለው ሲለዩ ከጥንቱ ጋር እንዳይቀላቀል በስሙ ማቆየታቸው ነው። ሁለተኛው፣ ስሙ ለአመንጪው ሳይሆን ለአስተማሪው መሰጠቱ ነው፤ በጉባኤ ቤት ሚዛን ዕውቀትን የሚያኖረው ያሰበው ብቻ ሳይሆን ያስተላለፈውም ጭምር ነውና። ያም ሆኖ ባለቤቱ አልተረሳም፤ ስልቱ በተክሌ ስም ሲነገር የአለቃ ገብረ ሐና መሆኑ አብሮ ይነገራል።

ይህ ሁሉ ሲባል ጉባኤ ቤቱን ነውር የሌለበት አድርጎ ማቅረብ ለእውነት አይጠቅምም። ትምህርቱ ከጥቂቶች በቀር ለሴቶች ዝግ ነበር፤ ረኃቡ፣ በሽታውና ዱላው ብዙ ልጆችን ከመንገድ አስቀርቷል። የማስታወስ ጭንቀቱም ተማሪዎችን ወደ አቋራጭ መግፋቱ አልቀረም። አእምሮን ይከፍታል ተብሎ የሚጠጣው አብሾ የተባለው የዕፅ ቅመማ አደገኛ ሲሆን፣ የጠጣውን ሰው ጤና አውኮ እስከ ዕብደት እንደሚያደርስ ይታመናል፤ ዛሬም ሰው በድንገት ሲገነፍል «አብሾ አለበት» መባሉ የዚያ ትዝታ ነው። ሆኖም አብሾ የጠጣውም ተማሪ ቢሆን ከመምህሩ ፊት ቀርቦ በራሱ አንደበት ማሰማቱ አይቀርለትም ነበር።

የደብረ ታቦር ከተማ ራሷ ከዘመናዊ ጥበብ ጋር የተገናኘችው ቀደም ብላ ነው። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ራስ ጉግሣ መቀመጫቸው ያደረጓትን ደብረ ታቦርን በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ ያዟት፤ በአቅራቢያዋ በምትገኘው በጋፋትም የአውሮፓ ሚስዮናውያን የእጅ ባለሙያዎችን አስቀምጠው በ1859 ዓ.ም. ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፍ አሠሩ፣ ወጣቶችም ንባብና የእጅ ጥበብ እንዲማሩ አደረጉ። ያ ጅምር ከንጉሡ ጋር ተቋረጠ። በኋላ የተስፋፋው ዘመናዊ ትምህርት ቤት ግን በሌላ መሠረት ላይ ቆመ፤ ተማሪው በቁጥር ተተካ፣ መልሱ በወረቀት ላይ ተለይቶ ሄደ፣ አራሚውም ተማሪውን የማያውቅ ሰው ሆነ። «ማትሪክ» ይባል የነበረው የማጠናቀቂያ ፈተና የገበሬውን ልጅና የባለሥልጣኑን ልጅ በአንድ ሚዛን የሚያስቀምጥ መሆኑ ትልቅ ፍትሕ ነበር፤ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን መልሱ ከመላሹ በተለየበት ቅጽበት ኩረጃ ተቻለ። «አጤሬራ» የምትባለዋ በመዳፍ ወይም በእጅጌ የምትደበቅ ብጣቂ ወረቀትም በተማሪዎች ዘንድ ስም ያገኘችው በዚህ ሥርዓት ውስጥ ነው።

የእጅ ስልክ ሲመጣ አጤሬራዋ አገር አቀፍ ሆነች። በግንቦት 2008 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በማኅበራዊ ሚዲያ አስቀድሞ በመሠራጨቱ መንግሥት ፈተናውን ሰርዞ ሌላ ለመስጠት ተገደደ፤ በድጋሚው ፈተና ጊዜም የማኅበራዊ ሚዲያ አገልግሎት ተዘጋ። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ፈተናውን ለመጠበቅ ኢንተርኔት መዝጋት ተደጋገመ። በመጨረሻም የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ከየቀያቸው ወጥተው ስልክ ሳይዙ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ እንዲፈተኑ ተደረገ። ከ900 ሺህ ገደማ ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው አገሩን አስደነገጠ፤ በቀጣዩ ዓመትም ውጤቱ 3.2 በመቶ ነበር። ይህ ቁጥር የተማሪዎችን ስንፍና ብቻ የሚያሳይ አድርጎ መውሰድ በደል ይሆናል፤ መጽሐፍና መምህር ያልደረሳቸው ትምህርት ቤቶች፣ በጦርነት የተዘጉ ክፍሎችና ለዓመታት ሳይመረመር የተሰጠ ማለፊያ ውጤት በአንድነት የወለዱት ነው።

እነዚያ ተፈታኞች ከየግቢው በወጡ በጥቂት ሳምንታት፣ በኅዳር 2015 ዓ.ም.፣ ቻትጂፒቲ የተባለው የሰው ሠራሽ አስተውሎት አገልግሎት ለዓለም ተከፈተ። ሰው ሠራሽ አስተውሎት እጅግ ብዙ ጽሑፍ አንብቦ ሰው የጻፈው የሚመስል ጽሑፍ የሚያመነጭ የኮምፒውተር ሥርዓት ነው። በ2004 ዓ.ም. ማስተማር የጀመረው የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲም ሆነ ሌሎቹ የአገሪቱ ዩኒቨርሲቲዎች፣ ቀደም ሲል በክፍያ የመመረቂያ ጽሑፍ ለሌላ የሚሠሩ ሰዎች ባስቸገሩት መስክ ላይ አሁን ክፍያ እንኳ የማይጠይቅ ጸሐፊ ተጨመረባቸው። ኮራጅ ድሮ ቢያንስ የሚኮርጅበት ሰው ያስፈልገው ነበር፤ አሁን የተሰረቀ ባለቤት የሌለው፣ ከማንም ጽሑፍ ጋር ቃል በቃል የማይገጥም ሥራ ማቅረብ ይቻላል። የተመሳሳይነት መፈተሻ ፕሮግራሞች የተሠሩት ግን ሁለት ጽሑፎችን ለማስተያየት ነው። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. በሁሉም የትምህርት መስኮች የተጀመረው የመውጫ ፈተናም ተማሪው ትክክለኛውን መልስ መምረጡን ሊያሳይ ቢችልም፣ ያቀረበውን ጽሑፍ ማን እንዳሰበው አይጠይቅም።

ከዘመናዊው ሥርዓት ውስጥ ለቤተልሔም ጉባኤ የሚቀርበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም ተመራቂው በመርማሪዎች ፊት ቆሞ ጽሑፉን የሚያስረዳበትና የሚጠየቅበት ጉባኤ ነው። እዚያ «ይህን ቃል ለምን እዚህ አገባኸው?» የሚለው የየኔታ ጥያቄ ዛሬም ሊጠየቅ ይችላል፣ ያልጻፈውን የጻፍኩት ነው የሚል ተማሪም ከዚህ ጥያቄ ማምለጫ የለውም። መምህራን ብዙ ጊዜ ይህን የማይጠይቁት ግን መጠየቅን ስላልወደዱ ሳይሆን፣ ተመራቂው ብዙ፣ ጊዜው አጭር በመሆኑ ነው። የድጓ ተማሪ በቤተልሔም መምህር ፊት ዜማውን አሰምቶ እስኪጨርስ ወራት ይወስድ ነበር፤ የዛሬው ተመራቂ ግን የዓመታት ትምህርቱን የሚያስረዳው በደቂቃዎች ውስጥ ነው፣ በሩ ላይም ቀጣዩ ተማሪ ወረቀቱን ይዞ ተራውን ይጠብቃል።