የቮልስ ቀለም እድሳት

የቮልስ ቀለም እድሳት በፀሐይና በእንክብካቤ ማጣት የደበዘዘ የአሮጌ ቮልስዋገን ቀለም፣ መኪናዋ እንደ አዲስ ሳትቀባ ድምቀቱ የሚመለስበት ሥራ ነው። ፈርዲናንድ ፖርሽ የነደፋት ቮልስ ምርቷ እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ ቢያበቃም በኢትዮጵያ መንገዶች ዛሬም ትታያለች።

ቀለምን በዋናነት የሚጎዳው የአልትራቫዮሌት ጨረር ነው። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር ጨረሩ በ10 በመቶ ያህል ይጠነክራል፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ደጅ የምትውል መኪና ጣሪያዋ ቀድሞ የሚነጣው ለዚህ ነው።

የአብዛኞቹ የቀድሞ ቮልሶች ቀለም ላዩ ላይ ቫርኒሽ የለውም። መኪናዋ በደንብ ታጥባ ጥቂት ቦታ በነጭ ጨርቅና በፖሊሽ ሲታሽ ጨርቁ የመኪናዋን ቀለም ከያዘ፣ የሞተው የላይኛው ገጽ ብቻ ነው፤ ፖሊሹ ያንን አንስቶ ከሥር ያለውን ያወጣል፤ ከዚያ ሰም ይቀባል። በኋላ ቫርኒሽ ተቀብታ ቫርኒሹ የተላጠ ከሆነ ግን ፖሊሽ አያድናትም።

ጠቅላላው የፋብሪካ ቀለም ውፍረቱ 0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ማለትም የአንድ ወረቀት ያህል ነው። እያንዳንዱ ፖሊሽ ከዚህ ላይ ይቀንሳል። በተለይ ጠርዝ ላይ የፖሊሽ ማሽን በቀላሉ እስከ ብረቱ ይዘልቃል፤ የተገፈፈ የፋብሪካ ቀለም ደግሞ አይመለስም።

ዝገት ከሥሩ ያሳበጠው ቀለም ተፍቆ እንደገና መቀባት አለበት። ዝገቱ ሳይወገድ በስቱኮ የተሸፈነ ከሆነ ለጊዜው ያምራል። ማግኔት ማስጠጋት ይህን ያጋልጣል፤ ስቱኮ በወፈረበት ቦታ ማግኔቱ አይጣበቅም።